ምስሉ የባሮ፣ ድምፁ የማን?

ነፍስ ያጠፋ ሰው ሮጦ የሚገባበት አንድ ግቢ አለ። በኑዌሮች ዘንድ ይህ ግቢ የነብር ቆዳ ትከሻው ላይ ጣል የሚያደርገው የእርቅ አባት፣ የኳር ሙዎን ግቢ ነው። እዚያ ውስጥ ደም መላሽ እጁን አያነሳም። ሽማግሌው ወታደር የለውም፤ እስር ቤት የለውም፤ ፍርዱን የሚያስፈጽምለት ሹምም የለም። ያለው አንደበቱና የሚፈራ እርግማኑ ብቻ ነው። በመጀመሪያ ከገዳዩ ወገን ከብት ያሰባስባል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በኑዌሮች መካከል የኖረው እንግሊዛዊው የሥነ ሰብ ተመራማሪ ኢቫንስ ፕሪቻርድ እንደጻፈው፣ ካሳው ከ40 እስከ 50 ከብት ይደርስ ነበር። ከዚያ ሽማግሌው ወደ ሟች ዘመዶች ይሄዳል። እነሱ ግን ከብቱን አይቀበሉም።

ይለምናቸዋል፤ እምቢ ይሉታል። መልሶ ይለምናል፤ አሁንም እምቢ ይላሉ። እምቢታው የክብር ግዴታ ነው፤ ወንድማቸውን በከብት ለወጡ እንዳይባሉ። ሽማግሌው ይህን ስለሚያውቅ አይቆጣም፤ እምቢታቸው እስኪያልቅ ጊዜ ይሰጣቸዋል። በመጨረሻ ሊረግማቸው ሲነሳ ከብቱን የሚቀበሉት ለእሱ ክብር ሲሉ ብቻ መሆኑን ይነግሩታል፤ እርቁም ይወርዳል። ስለ ማሳመን ጥበብ ካነበብኩት ሁሉ ይህን ያህል የጠለቀ ጥቂት ነው። ሰውየው ተሸንፎ ሳይሆን ክብሩን ይዞ ሐሳቡን የሚቀይርበት መንገድ ተከፍቶለታል። የደጋው ሰውም በ«በላ ልበልሃ» ሙግት ዘመኑ ይህን ያውቀው ነበር። ተከራካሪው ነጠላውን አጣፍቶ፣ ዘንጉን ይዞ፣ ቃሉን እየመጠነ የሚናገረው ዳኛው ብቻ ሳይሆን ዙሪያውን የከበበው ሕዝብም እንዲፈርድለት ነበር።

እንዲህ ያለ ንግግር ፊት ለፊት ነው። ተናጋሪው የሰሚውን ፊት ያያል፤ ሰሚው ያቋርጣል፣ ይቆጣል፣ መልስ ይሰጣል። ካሜራ ኑዌሮች ወደሚኖሩበት የጋምቤላ ወንዝ፣ ወደ ባሮ ሲመጣ ከሁሉ አስቀድሞ የጠፋው ይህ መልስ የመስጠት መብት ነው። ላለፉት ስልሳ ዓመታት ገደማ የጋምቤላ ሰው ሲቀረጽ ኖሯል። ተደንቀውበታል፣ አዝነውለታል፣ ተሟግተውበታል። ምስሉ የእሱ ነው፤ የሚናገርለት ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ሰው ነው። ፊልም ሰውን እንዴት እንደሚይዝና እንደሚያሳምን ለማየት ከዚህ ወንዝ ዳር የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ከውበት ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ አሜሪካዊው ሂላሪ ሃሪስ ካሜራውን ይዞ ኢትዮጵያ ውስጥ፣ ከሱዳን ድንበር አጠገብ ወዳሉት ኑዌሮች መጣ። ከጀርባው በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የፊልም ጥናት ማዕከልን የሚመራው ሮበርት ጋርድነር ነበር። «ዘ ኑዌር» የተሰኘው የ73 ደቂቃ ፊልማቸው በ1971 እ.ኤ.አ. ወጣ። ሃሪስ የሥነ ሰብ ምሁር አልነበረም። ስለ ስኮትላንድ የመርከብ ግንባታ የሠራው አጭር ፊልም ኦስካር አግኝቷል፤ አንድን የዳንስ እንቅስቃሴ ከተለያየ ማዕዘን እየደጋገመ የሚያሳይ ፊልምም ሠርቷል። እንቅስቃሴን የሚወድ ዓይን ነበረው። ይህ ዓይን የኑዌር በረት ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚያይ መገመት አይከብድም፤ የኩበት ጭስ ያለሰለሰውን የማለዳ ብርሃን፣ አመድ የተቀባ ረጅም ገላ፣ ወደ ላይ የታጠፈ ቀንድ፣ የጥጃና የእናቱን ጥሪ።

ፊልሙ የጥሎሽ ክርክር ያሳያል፤ የፈንጣጣ ወረርሽኝን ለመመከት የተደረገ ሥነ ሥርዓትም አለበት። ወደ ማብቂያው የሚወስደን ግን «ጋር» ነው፤ ሁለት ወጣቶች ግንባራቸው ላይ ከጆሮ እስከ ጆሮ ስድስት መስመር ተሰንጥቆ ወደ ወንድነት የሚሸጋገሩበት ሥርዓት። ልጆቹ አይጮኹም፤ ተመልካቹ ግን ወንበሩን ይጨብጣል። ፊልም ከንግግር የሚለይበት አንዱ ኃይሉ እዚህ ላይ ነው። አእምሯችን ይህ ትክክል ነው ወይስ አይደለም ብሎ ከመጠየቁ በፊት ገላችን ምላሽ ሰጥቶ ያበቃል።

ካርል ሃይደር የተባለው የሥነ ሰብ ምሁር በ1976 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ፊልም ሲመዝን ውበቱን አልካደም። የከሰሰው ምስሎቹ የተቆረጡትና የተቀጣጠሉት በኑዌር ኑሮ ሥርዓት ሳይሆን በውበት ሕግ መሆኑን ነው። እኔ ፊልሙን እወደዋለሁ፤ ሃይደርም ትክክል ይመስለኛል። ውበት ራሱ ክርክር ነውና። ያ የለሰለሰ ጭስና ያ ዝግታ ተመልካቹን አንድ ነገር በዝምታ ያሳምኑታል፤ እነዚህ ሰዎች ከዘመን ውጭ ይኖራሉ የሚል። ነገሩ ግን እንዲህ አልነበረም። በ1894 ዓ.ም. በአፄ ምኒልክና በእንግሊዞች መካከል በተፈረመው ስምምነት ጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ሆና፣ የክረምቱ ውኃ ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ቡና ጭነው በባሮ፣ በሶባትና በነጭ ዓባይ አድርገው እስከ ካርቱም ይወርዱ ነበር። ጣቢያው በእንግሊዝና በሱዳን አስተዳደር ሥር እስከ 1956 እ.ኤ.አ. ቆይቷል። ራሱ ኢቫንስ ፕሪቻርድ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የኑዌሮች ጎረቤት የሆነውን የአኝዋሃ ሕዝብ ተዋጊዎች አሰልፎ በአኮቦና በጊሎ ወንዞች አካባቢ ጣልያኖችን ተዋግቷል። ሃሪስ ካሜራውን ሲተክልም የመጀመሪያው የሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት ስደተኞችን ወደዚሁ አካባቢ እየገፋ ነበር። ይህ ሁሉ ከፍሬሙ ውጭ ቀረ። ተራኪው ድምፅ ደግሞ እንግሊዝኛ ይናገር ነበር።

ስለ ምስል ሲወራ የሚረሳ አንድ የሙያ ጉዳይ አለ፤ ብርሃን። የኮዳክ ኩባንያ ለረጅም ዓመታት የቀለም ፊልም አጣቢዎች ቀለማቸውን የሚያስተካክሉበት ካርድ ይልክ ነበር። ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ነበረች፤ ካርዱም በመጀመሪያዋ ሴት ስም «ሸርሊ» ተባለ። ፊልሙ የእሷን ቆዳ እንዲያሳምር ሲስተካከል የጥቁር ሰው ፊት ዝርዝሩ ይጠፋበታል፤ ዓይንና ጥርስ ብቻ ይቀራሉ። ኩባንያው ይህን ለማሻሻል ከሠራባቸው ምክንያቶች አንዱ የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አስተዋዋቂዎች ቡናማው ቀለም አልወጣልንም ብለው ማማረራቸው ነበር። ዛሬም ባሮ ዳር ቆሞ በስልኩ የሚቀርጽ ልጅ ያው ችግር ይገጥመዋል። ሰማዩ ነጭ ነው፤ ውኃው ያብረቀርቃል፤ ስልኩ ለሰማዩ ሲያስተካክል የጓደኛው ፊት ጥላ ይሆናል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ስክሪኑ ላይ ፊቱን በጣት ነክቶ ብርሃኑን ለፊቱ መለካት፣ ወይም ፀሐይን ከጀርባ ትቶ በማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር ማስቆም። ይህን ማወቅ ትንሽ ነገር አይደለም። ተመልካች የማያየውን ፊት አያምንም፤ የማያየው ዓይን አያሳዝነውም፤ የማያየው ፈገግታም አያስቀውም።

በአገራችን ቴሌቪዥን የጋምቤላ ፊት ለብዙ ዓመታት የታየው በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። ይጨፍራል። የብሔር ብሔረሰቦች ቀን፣ ኅዳር 29፣ ሲመጣ ጨሌ፣ ላባ፣ ከበሮ፣ ከፍ ያለ ዝላይ፤ ካሜራው ከሰፊው ምስል ወደ እግር፣ ከእግር ወደ ፈገግታ ይሄዳል፤ ከዚያ ወደ ሌላ ብሔረሰብ። በ2008 ዓ.ም. በዓሉ ጋምቤላ ከተማ ላይ ሲከበርም ገዢው ምስል ይኸው ነበር። ጭፈራውን አልነቅፍም፤ ውብ ነው፤ የባለቤቶቹም ኩራት ነው። የሚያንገበግበኝ ከጭፈራው በኋላ ማይክሮፎኑ አለመምጣቱ ነው። አንድን ሕዝብ ሲጨፍር ብቻ ያየ ተመልካች ሳያውቀው አንድ እምነት ይዞ ይቀራል፤ እነዚህ ሰዎች የሚታዩ እንጂ የሚሰሙ አይደሉም የሚል። ስለዚህ እምነት ማንም አልሰበከውም። የምስሉ አሠራር ነው ያሳመነው።

ምስል ከምስል ሲጋጠም ደግሞ ሌላ ኃይል ይፈጠራል። ከሩስያ አብዮት በኋላ ባሉት ዓመታት የፊልም ባለሙያው ሌቭ ኩሌሾቭ የአንድን ተዋናይ ስሜት አልባ ፊት አንዴ ከሾርባ ሳህን፣ አንዴ ከሬሳ ሣጥን ጋር አጋጠመው። ፊቱ ያው ነው፤ ተመልካቹ ግን አንዴ ረሃብ፣ አንዴ ሐዘን አነበበበት። ኢትዮጵያ ውስጥ ይህ ዘዴ የመንግሥት ለውጥ አጅቧል። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ የቀረጸበት ፊልም ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። ትረካው ቁጥብ ነበር፤ ብዙውን ነገር ለምስሉ ተወለት። ደርግ ይህንኑ ፊልም ወስዶ በመካከሉ የቤተ መንግሥት ድግስ፣ የሰርግ ፌሽታና ሥጋ የሚበሉ የንጉሡን ውሾች አስገባበት፤ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ምሽት፣ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አስተላለፈው። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ።

በዚያ ቅንብር ውስጥ ረሃቡ እውነት ነበር። ድግሱም እውነት ነበር። «ስለዚህ» የሚለው ቃል ግን በየትኛውም ምስል ውስጥ አልነበረም፤ የተፈጠረው ሁለቱ በተቆረጡበት ስፌት ላይ ነው፤ የፈጠረውም ተመልካቹ ራሱ ነው። የፊልም ቅንብር ከማንኛውም ንግግር የሚበረታው በዚህ ነው። ተናጋሪ አንድ ነገር ሲነግረን እንጠራጠረዋለን። ራሳችን የደረስንበትን መደምደሚያ ግን የራሳችን ስለሆነ እንሟገትለታለን።

ከአሥር ዓመት በኋላ ረሃቡ ተመለሰ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ ማይክል በርክ ከኮረም ያቀረበውን ዘገባ አስተላለፈ፤ ካሜራውን የያዘው ኬንያዊው ሞሐመድ አሚን ነበር። የማለዳ ጭጋግ፣ በሜዳው ላይ የተቀመጠ ሕዝብ፣ ከበስተኋላው ቀስ ያለ ድምፅ። በርክ በዝግታ ይናገራል፤ በዐረፍተ ነገሮቹ መካከል ዝም ይላል፤ በዝምታው ውስጥ የሕፃናት ሳልና ለቅሶ ይሰማል። ማን እንዳስተማረው አላውቅም፤ ግን ልቅሶ ቤት ገብቶ የሚናገር ሰው ቃና ነበር። በሐምሌ 1985 እ.ኤ.አ. በላይቭ ኤይድ የሙዚቃ ዝግጅት ላይ ደግሞ የካናዳ ቴሌቪዥን ከኢትዮጵያ የቀረጸው ምስል ስለ ረሃብ ምንም ከማይል የፖፕ ዘፈን ጋር ተቀናብሮ ሲታይ ዓለም አለቀሰ፤ ገንዘብም ጎረፈ። ዜማ ምስልን እንዴት መተርጎም እንዳለብን ይነግረናል፤ ቃሉን ባንሰማውም።

ታዲያ ይህ ከባሮ ጋር ምን አገናኘው? ብዙ። ደርግ በ1977 ዓ.ም. አንድ ሚሊዮን ተኩል ሰው ከድርቁ አካባቢ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አሰፍራለሁ ብሎ ተነሳ፤ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰውም አጓጓዘ። ከመድረሻዎቹ አንዱ ጋምቤላ ነበር። ከቀዝቃዛ ደጋ የመጡ ገበሬዎች ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር አካባቢ በሆነ ሞቃት ሜዳ ላይ፣ ከወባ ጋር፣ ከማያውቁት ጎረቤት ጋር፣ ቋንቋቸው በማይሰማበት አገር ወረዱ። የአኝዋሃ ገበሬም አንድ ቀን ሲነቃ የአባቱ እርሻ ላይ ሌላ ሰው ጎጆ ሲቀልስ አገኘ። ሁለቱም አልተጠየቁም። ዓለምን ያስለቀሰው ካሜራ ኮረም ላይ ቆሟል፤ መንገዱን ተከትሎ እዚህ ድረስ አልወረደም። ፊልም ልብን የሚነካው በመምረጥ ነው። የማይመርጠው ነገር ደግሞ ለተመልካቹ እንዳልሆነ ሆኖ ይቀራል።

በዚያው ዘመን በዚሁ አካባቢ ምስል የሌለው ድምፅ ብቻውን ምን ማድረግ እንደሚችል ታይቷል። የሱዳን ሕዝብ ነፃ አውጪ ሠራዊት ጋምቤላ ውስጥ ቢልፓም ላይ ሰፍሮ፣ ኢታንግ በስደተኛ ተጨናንቃ ሳለ፣ ከኢትዮጵያ ምድር የሚተላለፍ ሬዲዮ ነበረው። ከ1984 እስከ 1991 እ.ኤ.አ. የሠራዊቱ መሪ የጆን ጋራንግ ድምፅ ከኢትዮጵያ ተነስቶ እስከ ካርቱም ይሰማ ነበር። ማዳመጥ አደጋ ነበረው፤ ሰዎች ግን በር ዘግተው ያዳምጡ ነበር። ሬዲዮ ፊትን ስለማያሳይ እያንዳንዱ ሰሚ ተናጋሪውን በራሱ ምኞት ልክ ይሥለዋል። ደርግ ሲወድቅ ሬዲዮውም ዝም አለ፤ የኢታንግ ስደተኞችም በዚያው ዓመት በግንቦት ድንበሩን ተሻግረው ተመለሱ።

አሁን ወደ መሬቱ። እ.ኤ.አ. ከ2008 በኋላ ጋምቤላ በዓለም ካሜራ ፊት እንደገና ቆመች፤ በዚህ ጊዜ የተጠራችው ለም መሬት በሚል ስም ነው። ካሩቱሪ የተባለው የህንድ ኩባንያ ኢታንግና ጂካዎ አካባቢ 100 ሺህ ሄክታር ለ50 ዓመት ተከራየ፤ ኪራዩ ለአንድ ሄክታር በዓመት 20 ብር ነበር፤ ሥራው ከተሳካ ተጨማሪ 200 ሺህ ሄክታር ይጠብቀው ነበር። አቦቦ ላይ ደግሞ ሳዑዲ ስታር፣ በደርግ ዘመን በሶቭየቶች እርዳታ ከተሠራው የአልዌሮ ግድብ በታች 10 ሺህ ሄክታር ለሩዝ ወሰደ። የካሩቱሪ አንድ ኃላፊ ለጋርዲያን ጋዜጣ ካሜራ ሲናገር መሬቱ ምን ያህል ጥሩና ምን ያህል ርካሽ እንደሆነ ደስታውን አልደበቀም።

እዚህ ላይ ሁለት የፊልም አሠራሮች ተጋጠሙ። አንደኛው ከላይ ያያል። ከአውሮፕላን ወይም ከሳተላይት ሲታይ የባሮ ሜዳ አረንጓዴና ባዶ ነው፤ በላዩ ላይ አራት ማዕዘን መሥመር ይሠመርና «ያልለማ መሬት» ይባላል። ከዚያ ከፍታ ላይ የማይታየው ብዙ ነው። የአኝዋሃ ገበሬ ውኃው ሲሸሽ በወንዙ ዳር በቆሎ ይዘራል፤ ደጋማውን ማሳ ለዓመታት ያሳርፈዋል፤ ያረፈ ማሳ ከሰማይ ሲታይ ጫካ ነው። ኑዌር ከብቱን እየነዳ ከውኃው ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ዛሬ ባዶ ያየነው ሜዳ በበጋ በረት ይሆናል። ከላይ የተቀረጸ ምስል ውሸት አይናገርም፤ ከፍታው ግን ሰውን ያጠፋል፤ ሰው የጠፋበት መሬት ደግሞ ባለቤት የለውም ለማለት ይመቻል።

ሁለተኛው አሠራር መሬት ላይ ይወርዳል። ስዊድናዊው ዮአኪም ዴመር «የሞተ አህያ ጅብ አይፈራም» የሚለውን አባባል ርዕስ አድርጎ በ2017 እ.ኤ.አ. ያወጣው ዘጋቢ ፊልም እንዲህ ያለ ነው። ፊልሙን ለመሥራት ያነሳሳው፣ እንደሚተርከው፣ አዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ በአንድ ሌሊት ያየው ነገር ነው፤ አንዱ አውሮፕላን ላይ ምግብ ለአውሮፓ ሲጫን፣ ከሌላው የእርዳታ እህል ሲራገፍ። የኩሌሾቭ ስፌት በተፈጥሮ ተገጣጥሞ የጠበቀው ይመስላል። ከአገር የወጣው የአካባቢ ጥበቃ ጋዜጠኛ አርጋው አሽኔ ከፊልሙ ዋና ሰዎች አንዱ ነው፤ ታሪኩም እንደ ምርመራ ልብ እየሰቀለ ይሄዳል። ከቀደሙት ይልቅ እዚህ የጋምቤላ ሰው በራሱ አፍ ይናገራል፤ ይህን አከብርለታለሁ። ክርክሩ ግን ከዓለም ባንክና ከለጋሽ አገሮች ጋር ስለሆነ የተሠራለት ተመልካች በዋናነት ሩቅ ያለው ነው። ከመሬቱ ኪራይ ጋር አብሮ ያከራከረው የነዋሪዎች ሰፈራ ነበር፤ መንግሥት በበኩሉ በ2003 ዓ.ም. የጀመረውንና 45 ሺህ አባወራዎችን በመንደር ለማሰባሰብ ያቀደውን ፕሮግራም በፈቃደኝነት የሚካሄድና ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክና ውኃ ለማቅረብ የታሰበ ነው ይል ነበር፤ ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት በግዳጅ የተፈጸመ ነው አለ። በመካከል መናገር ራሱ ዋጋ አስከፈለ። ለዓለም ባንክ መርማሪ ቡድን በአስተርጓሚነት የሠራው ፓስተር ኦሞት አግዋ በ2015 እ.ኤ.አ. መጋቢት ውስጥ ናይሮቢ ለስብሰባ ሊሄድ ሲል ቦሌ ላይ ተይዞ ታስሯል።

ባሮ ራሱ ግን በ2011 እ.ኤ.አ. ሞልቶ የካሩቱሪን የበቆሎ ማሳ ወሰደው። በ2008 ዓ.ም. መንግሥት ውሉን ሲያፈርስ የለማው 1,200 ሄክታር ብቻ ነው አለ፤ ኩባንያው ውሳኔውን ተቃወመ። ከሰማይ የተነሱት ምስሎች ወንዙ በየክረምቱ የት ድረስ እንደሚወጣ አይናገሩም ነበር። ያን የሚያውቁት በዳሩ የሚኖሩት ናቸው።

ፊልም ግን በእርግጥ ሰውን ይለውጣል? ጥያቄው ያረጀ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ጦር ለወታደሮቹ በሆሊውድ ዳይሬክተሩ በፍራንክ ካፕራ መሪነት የተሠሩ ፊልሞችን ያሳይ ነበር። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ካርል ሆቭላንድና ባልደረቦቹ ያዩትንና ያላዩትን አነጻጽረው ውጤቱን በ1949 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። ወታደሮቹ ብዙ እውቀት ይዘው ወጥተዋል፤ ስለ አንዳንድ ጉዳይ ሐሳባቸውም ተለውጧል፤ የመዋጋት ፍላጎታቸው ግን እምብዛም አልጨመረም። ምርጥ ባለሙያ፣ ምርጥ ትረካ፣ ምርጥ ሙዚቃ ቢኖርም ማለት ነው።

ስድሳ ዓመት ቆይቶ ሌላ ሙከራ በአገራችን ተካሄደ። እ.ኤ.አ. በ2010 የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎቹ ታንጊ በርናር፣ ስቴፋን ዴርኮንና ባልደረቦቻቸው በምዕራብ ሐረርጌ ዶባ ወረዳ በ64 መንደሮች ፊልም አሳዩ። አራት ፊልሞች ነበሩ፤ እያንዳንዱ 15 ደቂቃ። በውስጣቸው የሚናገሩት ከዚያው አካባቢ የመጡ፣ ከድህነት በራሳቸው ጥረት የወጡ ወንዶችና ሴቶች ናቸው፤ በኦሮምኛ፣ ምን እንዳሰቡ፣ የት እንደተሰናከሉ፣ ምን እንዳደረጉ ይተርካሉ። ለማነጻጸሪያ ሌሎች ሰዎች ተራ የቴሌቪዥን መዝናኛ እንዲያዩ ተደረገ፤ ሌሎቹ ምንም አላዩም። ከስድስት ወር በኋላ ፊልሙን ያዩት ሰዎች ለራሳቸውም ሆነ ለልጆቻቸው የሚመኙት ከፍ ብሏል፤ በቁጠባና በልጆች ትምህርት ላይም ለውጥ ታየ። ከአምስት ዓመት በኋላ ተመራማሪዎቹ ሲመለሱ ለትምህርትና ለእርሻ የሚያወጡት ነገር አሁንም ልዩነት ነበረው። ለአንድ ሰዓት ፊልም ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሁለቱን ጥናቶች ጎን ለጎን ሳስቀምጥ የሚታየኝ ልዩነት የጥራት አይደለም፤ የካፕራ ፊልሞች በጥራት ሳይበልጡ አይቀሩም። ልዩነቱ የሚናገረው ማን እንደሆነ ነው። በዶባ ተመልካቹ ስክሪኑ ላይ ያየው የራሱን ቋንቋ የሚናገር፣ የራሱን ዓይነት መሬት የሚያርስ ሰው ነው። ስለዚህ መልስ ሊሰጠው ይችላል፤ በልቡም ቢሆን። እኔስ ለምን አልችልም ብሎ ከእሱ ጋር ይከራከራል። ኳር ሙዎን ለሟች ዘመዶች ያዘጋጀላቸው ዓይነት መንገድ ይከፈትለታል፤ ማንም ሳያሸንፈው ሐሳቡን መቀየር ይችላል።

ጋምቤላ ውስጥ ይህ ነገር ዛሬ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። ክልሉ ኑዌር፣ አኝዋሃ፣ መዠንግር፣ ኦፖና ኮሞ፣ ከሌላው የአገሪቱ ክፍል የመጡ ነዋሪዎች፣ እንዲሁም ከ300 ሺህ በላይ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች አብረው የሚኖሩበት ነው። ግጭት በተነሳ ቁጥር ቪዲዮ ከሰው ፈጥኖ ይደርሳል። ሌላ አገር፣ ሌላ ዓመት የተቀረጸ ምስል «ትናንት እዚህ የሆነ» ተብሎ በአንድ መሥመር ጽሑፍ ወይም በአንድ የተቆጣ ድምፅ ታጅቦ ይላካል። ፈረንሳዊው ክሪስ ማርከር በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ሳይቤሪያ ላይ ባነሳው ፊልም የያኩትስክን አንድ መንገድ፣ አውቶቡስና ሠራተኞች ደጋግሞ አሳይቶ በየጊዜው ሌላ ትረካ ጨመረበት፤ ያው ምስል አንዴ የሶሻሊዝም ገነት፣ አንዴ የባርነት ምድር ሆነ። እሱ ያደረገው ተመልካቹን ለማስጠንቀቅ ነበር። በስልካችን ላይ ያው አሠራር ሰው ለማስገደል ይውላል። የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ፤ ያስፈልጋልም። ነገር ግን አዋጅ የሚመጣው ቪዲዮው ከተላከ በኋላ ነው። ቀድሞ የሚደርሰው ራሱ ተመልካቹ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው፤ በምስሉ ውስጥ ሰዎቹ ምን ቋንቋ ይናገራሉ? የጀርባው ድምፅ ከቦታው የተቀዳ ነው ወይስ በኋላ የተጨመረ? ፊልሙ ከመጀመሩ በፊትና ካበቃ በኋላ ምን ሆነ? ይህን በየትምህርት ቤቱ በኑዌርኛ፣ በአኝዋኛና በመዠንግርኛ ማስተማር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ድምፅን መተካት እንደሚቻል አገሩ አይቷል። ቃና ቴሌቪዥን ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ሲያቀርብ ሚሊዮኖች ኢስታንቡልን እንደ ሰፈራቸው ተላምደዋታል። የግርጌ ጽሑፍ ለማያነብ ሰው ምንም አይጠቅምም፤ ድምፅ ግን ለአያትም ለሕፃንም ይደርሳል። ስለዚህ አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ሃሪስ በኢትዮጵያ ምድር የሠራው ፊልም ጥርት ያለ ቅጂው ወደ ጋምቤላ ዩኒቨርሲቲ ይምጣ። የእንግሊዝኛው ትረካ ይነሳለትና የኑዌር ሽማግሌዎች፣ እናቶችና ወጣቶች እያዩት የሚሉት ሁሉ ይቀዳበት። ከኢታንግ እስከ ላሬ፣ ከላሬ እስከ ጂካዎ፣ በስደተኛ ጣቢያዎቹም ጭምር ይታይ። ግንባር መሰንጠቅ ዛሬ በብዙ ቤተሰብ ቀርቷል፤ ልጆቻቸውን ወደ ትምህርት ቤት የላኩ አባቶችና ሥርዓቱ የማንነት መታወቂያ ነው የሚሉ አባቶች በዚህ ጉዳይ ይለያያሉ፤ ይህ ክርክር ፊልሙ ላይ ይሰማ። እነዚያ ሁለት ወጣቶች በሕይወት ካሉ አሁን የሰባ ዓመት ሰዎች ገደማ ናቸው። ካሜራው ደማቸውን አሳይቶናል፤ ስለዚያ ቀን የሚሉትን መጠየቅ የኛ የጋዜጠኞች ሥራ ነበር፤ አሁንም አልመሸም።